ግልጽ ደብዳቤ ለአስጎብኚ አውቶብሱ ድምፅ ማጉያ

ለክቡር የአስጎብኚ አውቶብስ ድምፅ ማጉያ
ባሉበት (ከመቀመጫዬ በላይ፣ ከመጋረጃው ዘንግ ጎን)

ጉዳዩ፦ የጆሮ አቤቱታ ስለማቅረብ

በቅድሚያ የከበረ ሰላምታዬ ይድረስዎ። መድረሱን እንኳ እጠራጠራለሁ፤ እርስዎ ሲናገሩ እንጂ ሲያዳምጡ ታይተው አያውቁም።

ይህን የምጽፍልዎ ከአያት ወዲያ ካለ የኮንዶሚኒየም ሰፈር ሆኜ ነው። ከዘመዶችዎ ጋር የቆየ ትውውቅ አለን። ታላቅዎ ሞንታርቦ በየሰርጉና በየምርቃቱ ድንኳን እስከ እኩለ ሌሊት ያገለግለናል። ሎተሪ መኪና ላይ የተቀመጡት የአክስትዎ ልጅ ደግሞ እሁድ ጠዋት፣ ሰው ዛሬ እንኳ ልተኛ ባለበት ሰዓት፣ «ዕድልዎን ይሞክሩ» እያሉ ይቀሰቅሱናል። እነሱን ለምደናቸዋል። ቢያንስ የሚሸጡትን ያውቃሉ። የእርስዎ ነገር ነው ልዩ የሆነብኝ።

የሕንፃችን ኮሚቴ ገንዘብ አሰባስቦ አውቶብስ ሲከራይ ሐሳቡ ቀና ነበር። እኛ ዳር የምንኖር ሰዎች የመሐል ከተማውን ሐውልቶች አላየናቸውም ማለት አይደለም፤ ሥራ ስንሄድ እናያቸዋለን፤ የምናያቸው ግን በታክሲ መስኮት፣ በሰው ብብት ሥር አሾልከን ነው። እስቲ አንድ ቀን ወንበር ይዘን፣ የሚያውቅ ሰው እያስረዳን በወጉ እንያቸው ተባለ። እናቶች ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ልጆች ብስኩታቸውን ይዘው ተሳፈሩ። አስጎብኚው ልጅም አይወቀስም። ትሁት ነው፣ አንብቧል፣ ጥያቄ አይሰለቸውም። ችግሩ እሱ የሚያውቀው ሁሉ ወደ እኛ የሚመጣው በእርስዎ በኩል መሆኑ ነው።

ገና መገናኛ ሳንደርስ ጀመሩ። «ሃሎ፣ ሃሎ፣ አንድ ሁለት፣ ይሰማል?» ይሰማል! ለገጣፎ ድረስ ይሰማል። ቀጥሎ ያቺን ጆሮ በጣሽ ፉጨትዎን ለቀቋት፤ ከፊቴ የነበረው ሕፃን ጆሮውን ይዞ አለቀሰ። መስቀል አደባባይ ስንደርስ የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም በ2002 ዓ.ም. መከፈቱን ነገሩን፤ ውስጡ ምን እንዳለ ሊነግሩን አፍዎን ሲከፍቱ መብራቱ አረንጓዴ ሆነና አለፍን።

የአንበሶቹን ጉዳይ ግን እንዲህ በቀላሉ አላልፈውም። ልጁ ጉሮሮው ሲደክመው የተቀዳውን ማብራሪያ ከፈተው። የተቀዳው ማብራሪያ የራሱ አካሄድ አለው፤ ትራፊክ ፖሊሱ ደግሞ የራሱ። በዚያን ቀን መንገዱ ለወጉ እንኳ አልተዘጋጋም፣ ለገሃርን በአንድ ትንፋሽ አለፍናት። ስለ ለገሃሩ የይሁዳ አንበሳ መናገር የጀመሩት ብሔራዊ ቴአትር በር ላይ ከደረስን በኋላ ነው። የለገሃሩ አንበሳ በ1923 ዓ.ም. በንግሥ በዓሉ ሰሞን የቆመ፣ ጣሊያን ነቅሎ ሮም የወሰደው፣ በተርሚኒ ባቡር ጣቢያ አጠገብ ያቆመው፣ ዘርዓይ ድረስ በ1930 ዓ.ም. በባዕድ አገር አይቶት ደሙ የፈላበት ነው። አገሩ የገባው ነጻነት ከተመለሰ ከሃያ ዓመት በላይ ቆይቶ ነው። ብሔራዊ ቴአትር ፊት የቆመው ግን አዲስ አበባን ለቆ አያውቅም። ፈረንሳዊው ሞሪስ ካልካ በ1948 ዓ.ም. ለዘውዱ የብር ኢዮቤልዩ የሠራው ነው፤ ጎፈሩ ሳይቀር ማዕዘን ማዕዘን ያለው ድንጋይ።

ይኸው ዛሬ ሰፈራችን ውስጥ የካልካ አንበሳ ሮም ታስሮ መምጣቱን ምለው የሚመሰክሩ ሰዎች አሉ። ትንሽ ከፍ ብለን ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ስንደርስም አንድ አባት መነጽራቸውን አስተካክለው «ይኼኛውስ መቼ ነው የተመለሰልን?» ብለው ጠየቁ። አልፈርድባቸውም።

እዚያው አካባቢ የትግላችን ሐውልት ነበር፤ በ1977 ዓ.ም. የቆመው፣ 50 ሜትር ገደማ የሚረዝመው ባለ ቀይ ኮከቡ። ከሶማሊያ ጋር በተደረገው ጦርነት ለወደቁ የኩባ ወታደሮችም እዚያው መታሰቢያ አለ፣ ፎቶግራፋቸው ጭምር። ይህን ያወቅሁት ከእርስዎ አይደለም። እርስዎ «በቀኝ በኩላችሁ» ብለው ጮኹ፤ በግራ የተቀመጠው ሁሉ ብድግ ብሎ ወደ ቀኝ ተደፋ፤ በቀኝ የነበርነው ከሰው ጀርባ ሌላ ምንም ሳናይ ቀረን።

ፒያሳ። በየካቲት 2016 ዓ.ም. ከተመረቀው የዓድዋ ድል መታሰቢያ ፊት ቆመን ስለ ዜሮ ዜሮ ኪሎ ሜትር ሲያብራሩ፣ «ርቀት ሁሉ የሚለካው ከዚህ ነው» አሉ። እኛ ጋ ርቀት የሚለካው በስንት ታክሲ እንደሚደረስ ነው፤ ግን ይሁን። ዳግማዊ ምኒልክ ፈረሳቸው ላይ እንዳሉ አለፍናቸው። ያ ሐውልት ጥቅምት 22 ቀን 1923 ዓ.ም. ተመርቆ፣ በወረራው ዘመን ጣሊያኖች አውርደው ቀብረውት፣ ከድሉ በኋላ ወጥቶ እንደገና የቆመ ነው። መሬት ውስጥ በቆየበት ጊዜ ቢያንስ እርስዎን አልሰማም።

አቡነ ጴጥሮስ ጋ ስንደርስ ምን እንዳደረጉ ያስታውሳሉ? «ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. በፋሺስት ጣሊያን ተ...» ብለው ቀሪውን በኪርርርታ ዋጡት። ከኋላዬ ያሉት እናት ጎረቤታቸውን በክርናቸው ጎሸም አድርገው «ተሾሙ ነው ያለው?» አሏቸው። ለወራሪ አልገዛም ብለው፣ ምድሪቱም እንዳትገዛ አውግዘው የተረሸኑትን ጳጳስ በግማሽ ቃል ሹመኛ አደረጓቸው! ሐውልታቸው በ2005 ዓ.ም. ለባቡሩ ሥራ ተነሥቶ፣ ብሔራዊ ሙዚየም ውስጥ ቆይቶ፣ በ2008 ዓ.ም. ወደ ቦታው ተመልሷል። ይኼን ሁሉ ችሎ እርስዎን ቻለ።

ምስጋናም አለኝ፣ ክፉ ብቻ አልጽፍም። አራት ኪሎ ላይ የሚያዝያ 27ን ነገር ሁሉም ሰው ተረዳው። ጣሊያን አዲስ አበባ የገባው ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም.፣ ንጉሠ ነገሥቱ ተመልሰው የገቡት ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም.፤ ቀኑ አንድ፣ መሐሉ አምስት ዓመት። ልጆቹ ሳይቀሩ ደግመው ተናገሩት። ምክንያቱን ቆይቼ ነው የደረስኩበት፤ ገመድዎ ተነቅሎ ስለነበር ልጁ በገዛ ድምፁ ነበር የነገረን።

ስድስት ኪሎ ስንደርስ ገመድዎ ተመለሰ። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም ግራዚያኒ ላይ ቦምብ የወረወሩት እዚያ፣ ዛሬ ዩኒቨርሲቲ በሆነው በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ግቢ ነው። ከዚያ ሦስት ቀን ሰው ታረደ፣ ቤት ከነሰዉ ነደደ። ኢትዮጵያ ያቀረበችው የሟቾች ቁጥር 30 ሺህ ነው። ሐውልቱን የሠሩት የዩጎዝላቪያ ቀራፂዎች አውጉስቲንቺችና ክርሺኒች ናቸው፤ ዙሪያውን በነሐስ ቅርጽ አስከብበውታል። በአንድ በኩል ቆሞ አይጨረስም። ወርዶ፣ ቀረብ ብሎ፣ ተደራርበው የወደቁትን ሰዎች እያዩ መዞር ነው።

እኛም ዞርን፤ በአውቶብስ፣ አንድ ጊዜ፣ ቶሎ። እርስዎ ከማብራሪያው ሥር የኪቦርድ ሙዚቃ አስገቡበት። አንዲት አሮጊት ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘው «እስቲ ዝም አሰኙልኝ» አሉ። ዝም አላሉም። ይባስ ብሎ ማስታወቂያ ለቀቁ፦ «በአያትና አካባቢዋ፣ ከመሐል ከተማ በ10 ደቂቃ ርቀት ላይ፣ በ10 በመቶ ቅድመ ክፍያ የቤት ባለቤት ይሁኑ!» አውቶብሱን የሞላው ሰው ጠዋት ከአያት ሲነሣ ስንት ሰዓት እንደነበር ያውቃል። ሳቁ አመለጠው። የካቲት 12 ሐውልት ፊት አሳቁን፤ ሌላውን ሁሉ ብተው ይኼን አልተውልዎትም።

ደግሞ ግቢው ውስጥ ብንወርድ ኖሮ የምናየው ነበር። ፋሺስቶቹ ሥልጣን ላይ ለቆዩበት ለእያንዳንዱ ዓመት አንድ እርከን እየቆጠሩ የሠሩት፣ የትም የማያደርስ የሲሚንቶ ደረጃ አለ። አናቱ ላይ ከድሉ በኋላ የተቀመጠ ትንሽ የይሁዳ አንበሳ ጉብ ብሏል። ቀኑን ሙሉ ስለ አንበሳ ሲለፈልፉ ውለው እሱን ዘለሉት።

በመልሱ መገናኛን እንዳለፍን «ጉብኝታችን እዚህ ላይ ያበቃል፤ ከዚህ ወዲያ የሚታይ ነገር የለም» ብለው ዘፈን ከፈቱ። ከዚያ ወዲያ የምንኖረው እኛ ነን፣ ክቡርነትዎ። የካ ተራራ ላይ ከአለት የተፈለፈለው ዋሻ ሚካኤል ከመገናኛ ወዲያ ነው። ከሁሉ የገረመኝ ግን የሚታይ ነገር የለበትም ባሉት አገር ከአንድ ሰዓት በፊት ቤት ሲሸጡልን የነበሩት እርስዎ ራስዎ መሆንዎ ነው።

ስለዚህ ሐውልት ፊት አውቶብሱ ሲቆም እንዲጠፉልን፣ በሩ እንዲከፈትልንና ልጁ ከእኛ ጋር ወርዶ በአፉ እንዲያስረዳን በአክብሮት እጠይቃለሁ። መናገር የግድ ከሆነብዎ አያት ስንደርስ የረሳነውን ጃንጥላ ይጥሩልን።

ከሠላምታ ጋር
ከመቀመጫዎ ሥር የተቀመጠው

ግልባጭ፦
ለኮሚቴያችን ሰብሳቢ (በሚቀጥለው በእግር እንዲሆንልን)
ለአውቶብሱ ሾፌር (ማጥፊያዎ እሱ ጋ ስለሆነ)