ማስተካከያ፦ የጎመን ክሽክሽና የሳሙና ውሃ
ባለፈው ሳምንት፣ አራት ኪሎና ፒያሳ አካባቢ በግቢና በጆንያ ጎመን ለምትተክሉ ስለ ክሽክሽ (የቅጠሉን ጭማቂ ስለሚመጠው ጥቃቅን ተባይ) ስጽፍ «በ1 ሊትር ውሃ 1 ሲኒ የልብስ ዱቄት ሳሙና» ብዬ ነበር። ስህተቱ የእኔ ነው፤ እንዲህ ከበዛ ቅጠሉን ያቃጥላል። ትክክለኛው ከ1 እስከ 2 የሻይ ማንኪያ በረኪና የሌለበት ፈሳሽ ሳሙና ነው። ሳሙናው የሚገድለው የነካውን ብቻ ስለሆነ የቅጠሉን ጀርባ በደንብ አርሱት፤ ክሽክሹ የሚሸሸገው እዚያ ነው። መጀመሪያ አንድ ቅጠል ላይ ሞክሩት። በቀትር ፀሐይ ግን አትርጩ።

ሌላም አለ፦ «ባለ ነጥቧን ቀይ ጢንዚዛ ልቀሟት» ያልኩት ይሰረዝልኝ። ክሽክሹን እየበላች የምታግዛችሁ እሷ ናት! ይልቅ ጉንዳኖቹን አርቁ፤ ክሽክሹ የሚያወጣውን ጣፋጭ ፈሳሽ ለመላስ ሲሉ ይጠብቁታል።