ለአምኖን ወዳጅ ነበረው

ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚወርድ ሰው ሙቀቱ የቱ ጋ እንደጀመረው አያውቅም። ደሴ ላይ የጃኬቱን ዚፕ እስከ አንገቱ ዘግቶ ይሳፈራል፤ ሐረጎን እየተጠማዘዘ ሲወርድ ዚፑን ትንሽ ዝቅ ያደርጋል፤ ኮምቦልቻ ሲደርስ ጃኬቱ ክንዱ ላይ ነው። ከ600 ሜትር በላይ ቁልቁል ወርዷል፤ መውረዱን ግን ልብ አላለውም።

ባለፈው ወር በዚሁ መንገድ አጠገቤ የተቀመጠ ወጣት የደረሰበትን ሲነግረኝ ያሰብኩት ይህንኑ ነበር። ኮምቦልቻ ፋብሪካ ውስጥ ይሠራል። ከሰንበት ትምህርት ቤት ጀምሮ የሚያውቀው፣ አብሮት የዘመረ፣ መስከረም 21 ቀን ለግሸን ማርያም በዓል አብሮት አምባሰልን የወጣ ጓደኛ አለው። ይህ ጓደኛው አንድ ቅዳሜ «ሃምሳ ብር ምን አላት?» ብሎ የስፖርት ውርርድ ቤት ይዞት ገባ። በስድስት ወር ውስጥ ደመወዙ ሄደ፣ የዕቁቡ ገንዘብ ሄደ፣ በመጨረሻም ለእናቱ የሚልከው ሄደ። ከቅዳሴ የቀረውም ማንም ከልክሎት አይደለም። አፍሮ ነው።

ችግሩን ያዋያቸው አንድ ትልቅ ሰው የሰጡት ምክር «ሙስሊም ጓደኛ ስለምታበዛ ነው፤ የእምነትህን ሰው ምረጥ» የሚል ነበር። ልጁ ግራ ገብቶታል። ውርርድ ቤት ያስገባው አብሮት የቆረበ ሰው ነው። የእናቱን ብር ሳይልክ እንዳይቀር ያበደረው፣ «ከዚያ ቤት ውጣ» ብሎ የተቆጣውም በአንድ ግቢ የተከራየው ሙስሊም ጎረቤቱ ነው።

እኔ ይህን ምክር በየጊዜው እሰማዋለሁ፤ በሰማሁት ቁጥርም ያመኛል። ወሎ ውስጥ በአንድ ቤት ሁለት እምነት ያለበትን ቤተሰብ የማያውቅ ሰው የለም። በሠርግ ሁለት ዓይነት ዕርድ ታርዶ ለየብቻ ድግስ የሚዘጋጀው እንግዳው እምነቱን ሳይነካ አብሮ እንዲደሰት ነው። እኔ ደሴ ሳድግ ጾሜን ያስጠበቁኝ ሙስሊም ጎረቤታችን ነበሩ። ቤታቸው ገብቼ እጄን ወደ መሶቡ ስሰድ «ልጄ፣ ዛሬ ረቡዕ አይደለም እንዴ?» ይሉና ወጡን አንሥተው ሽሮ በዘይት ያቀርቡልኝ ነበር። ዓርብ ቀን ሥጋ ቤት ይዞኝ የገባው፣ «አሁን ማን ያይሃል?» ያለኝ ግን ማተብ ያሰረ ጓደኛዬ ነው።

መጽሐፍ ቅዱስ ይህን ነገር በደንብ ያውቀዋል። በሁለተኛ ሳሙኤል ምዕራፍ 13 ላይ «ለአምኖን ግን ወዳጅ ነበረው» የሚል ቃል አለ። ወዳጁ ኢዮናዳብ ነው። አረማዊ ወይም ባዕድ አልነበረም፤ የዳዊት የወንድም ልጅ፣ የአምኖን የአጎት ልጅ ነው። መጽሐፉ እጅግ ብልህ ሰው ነበረ ይለዋል። ቀርቦ «ለምን ከሳህ?» ብሎም ጠይቆታል፤ ከውጭ ለሚያየው ይህ የእውነተኛ ጓደኛ ጥያቄ ነው። አምኖን በእኅቱ በትዕማር ላይ ያደረበትን ክፉ ምኞት ሲነግረው ግን ኢዮናዳብ አልደነገጠም፤ ታመህ ተኛ፣ አባትህ ሊጠይቅህ ሲመጣ እርሷን ላክልኝ በለው ብሎ መንገዱን አሳየው። አምኖን ምኞት ነበረው፤ ዘዴ አልነበረውም። ዘዴውን የሰጠው ወዳጁ ነው።

ከሁሉ የሚያስደነግጠኝ ግን የታሪኩ መጨረሻ ነው። አምኖን እንደተመከረው አድርጎ ትዕማርን በግድ ደፈራት፤ ከሁለት ዓመት በኋላም የትዕማር ወንድም አቤሴሎም አምኖንን አስገደለው። የንጉሡ ልጆች በሙሉ አለቁ የሚል ወሬ ለዳዊት ሲደርስ፣ ተረጋግቶ «አምኖን ብቻ ነው የሞተው» ያለው ማን ይመስላችኋል? ኢዮናዳብ ነው። አንዲት ሴት ልጅ ሕይወቷ ተበላሽቷል፣ ወዳጁ ተገድሏል፣ እርሱ ግን አሁንም ቤተ መንግሥት ቆሞ በብልሃት ይናገራል። ዕንባው አልተጻፈም።

ስለዚህ ጓደኛ ምረጡ ሲባል መታወቂያ እንደ ማየት አድርገን ባንረዳው እወዳለሁ። የሚያስፈልገው ጥያቄ ሌላ ነው፤ ስደክም፣ ስመኝ፣ ስናደድ ይህ ሰው ወዴት ይመራኛል? መዝሙረኛውም «በክፉዎች ምክር ያልሄደ፥ በኃጢአተኞችም መንገድ ያልቆመ፥ በዋዘኞችም ወንበር ያልተቀመጠ» ሲል ሐረጎን እንደ መውረድ ነው፤ መጀመሪያ መሄድ፣ ከዚያ መቆም፣ ከዚያ መቀመጥ።

ይህን ስል የእምነት ጓደኛ አያስፈልግም ማለቴ አይደለም። ጎረቤት ይወደዳል፣ ይከበራል፤ ለንስሐ የሚገፋፋ፣ ለጸሎት የሚቀሰቅስ ሰው ግን ከዚያው ከጽዋው የሚጠጣ መሆን አለበት። ሳኦል ዳዊትን ሲያሳድደው ዮናታን ጥሻው ድረስ ሄዶ እጁን በእግዚአብሔር አጸናለት። ስንቅና መደበቂያ መስጠት የሚችል ሌላም ሰው በተገኘ ነበር፤ ይህን ግን ያደረገለት ዮናታን ነው። ቅዱስ ባስልዮስና ቅዱስ ጎርጎርዮስ ዘእንዚናዙ በአራተኛው መቶ ዓመት አቴና ሲማሩ የሚያውቁት ሁለት መንገድ ብቻ እንደነበር ጎርጎርዮስ ራሱ ተናግሯል፤ አንዱ ወደ ቤተ ክርስቲያን፣ ሌላው ወደ ትምህርት ቤት። በዚያው ከተማ፣ በዚያው ዘመን፣ በኋላ ክርስትናን ክዶ የነገሠው ዮልያኖስም ተምሯል።

ጌታችን የቀራጮች ወዳጅ ተብሏል የሚል ይኖራል። እውነት ነው፤ ግን ዘኬዎስ ቤት ሲገባ የተለወጠው ማን ነበር? የቀማውን አራት እጥፍ እመልሳለሁ ያለው ባለቤቱ ነው እንጂ እንግዳው አይደለም።

ይህን ሁሉ ለልጁ ባጭሩ ነገርኩትና ከዚያ ጓደኛህ ራቅ አልኩት። ዝም አለ። ቦርከና ሊታየን ሲል «እሱስ?» አለኝ። «እሱም እኮ ተበድሯል። እኔም ከተውኩት ማን አለው?»

ለዚህ አልተዘጋጀሁም ነበር። ጥቂት ካሰብኩ በኋላ በቅፍርናሆም ጣሪያ ነድለው ሽባውን ያወረዱትን ሰዎች አስታወስኩት። አራት ነበሩ። ብቻውን ሽባ ተሸክሞ ጣሪያ የሚወጣ የለም፤ ብቻህን ከሄድክ እሱ ይጎትትሃል። መጀመሪያ ንስሐ አባትህ ዘንድ ሂድ፣ ከዚያ ሦስት ሰው ፈልግና አራት ሆናችሁ ወደ እርሱ ሂዱ አልኩት።

ልጁ ቀኝ እጁን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ በጣቶቹ መቁጠር ጀመረ። አውራ ጣቱን አጠፈ። ብዙ ቆይቶ ሁለተኛውን አጠፈ። ሦስተኛው ላይ እንደቆመ ረዳቱ በሩን ከፈተው፤ ኮምቦልቻ ደርሰን ነበር።