ቅዳሜዬን የበላው አረንጓዴ

ወገን፣ ዛሬ ስለ አልጌ፣ ውኃ ውስጥ ስለሚበቅለው ስለዚያ አረንጓዴ ነገር፣ ካልተነፈስኩ ልፈነዳ ነው።

ቤት ውስጥ በመስታወት ገንዳ ዓሣ ማርባት መንፈስ ያሳርፋል ብለውኝ ነው የገባሁበት። አሁን ቅዳሜ በመጣ ቁጥር እጄን እስከ ክርኔ ውኃ ውስጥ ነክሬ መስታወት እፈገፍጋለሁ። ቅዳሜ ማታ ጥርት ብሎ የነበረው ገንዳ ረቡዕ ላይ አረንጓዴ ለብሶ ይጠብቀኛል። እንግዳ ደግሞ ገና ሳይቀመጥ፣ "እንዴ! ይሄን ነገር አታጥበውም?" ይለኛል።

አላጥበውም? ጉድ ያፈላው ማጠቤ አይደል እንዴ!

ገንዳውን የጀመርኩ ሰሞን አሸዋውንም ድንጋዩንም ቡናማ አቧራ የመሰለ ነገር ሸፈነው። ዲያተም የሚባል የአልጌ ዓይነት ነው። አዲስ ገንዳ ላይ የሚወጣ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ራሱ ይጠፋል። ይሄን ያወቅኩት ግን ከረፈደ ነው። ደንግጬ ውኃውን ሙልጭ አድርጌ ደፋሁት። ድንጋዩን ፈተግኩት። የማጣሪያውን ስፖንጅ ቧንቧ ስር ይዤ፣ የሚወርደው ጥቁር ውኃ ንጹሕ እስኪሆን ጨመቅኩት። እንዴት እንደኮራሁ!

ለካ "ቆሻሻ" ያልኩት ነገር ነው ገንዳውን የሚያኖረው። ስፖንጁ ላይ የሚኖሩት ባክቴሪያዎች ከዓሣው የሚወጣውን አሞኒያ ወደ ናይትራይት፣ ናይትራይቱን ደግሞ ወደ ናይትሬት ይለውጣሉ። አሞኒያ ዓሣ ይገድላል። የቧንቧ ውኃ ክሎሪን ደግሞ እነዚያን ባክቴሪያዎች ይገድላል። በሦስተኛው ቀን ዓሣዎቼ ውኃው አናት ላይ ወጥተው አፋቸውን ሲከፍቱና ሲዘጉ አየሁ። ሁለቱ አልተረፉም። አሁን ስፖንጁን የማጥበው ከገንዳው በቀዳሁት ውኃ ነው፣ ያውም ለቀቅ አድርጌ። ውኃውንም በሳምንት ሩቡን ያህል ብቻ ነው የምቀይረው፣ ክሎሪኑን በማጥፊያ አጥፍቼ።

ከዚያ መካሪ በዛ። "አልጌ የሚበላ ዓሣ አስገባበት!" አስገባሁ። ሲሸጥልኝ ጣት የምታህል ፕሌኮ ነበረች። ከ30 ሴንቲ ሜትር በላይ እንደምታድግ የነገረኝ የለም። አልጌውን ትታ የሌሎቹን ምግብ ትሻማለች፤ ቀኑን ሙሉ ደግሞ ከኋላዋ ረጅም የኩስ ክር ታንጠለጥላለች። ጽዳት ሠራተኛ ቀጥሬ እሷን ማጽዳት ሆነ ሥራዬ! ኔራይት የሚባለው ቀንድ አውጣ ይሻላል፣ መስታወት ላይ ጎበዝ ነው። ግን ነጫጭ እንቁላሉን በየድንጋዩ ይለጥፋል፣ እሱን ደግሞ በጥፍር መፋቅ ነው። መስታወቱ ላይ ነጠብጣብ ሆኖ የሚጣበቀውን አረንጓዴ አልጌ ደግሞ ምላጭ ብቻ ያነሳዋል። ገንዳችሁ ፕላስቲክ ከሆነ ግን ምላጭ እንዳታስጠጉ፣ ይቦጫጭራል።

ነገሩ እኮ ቀላል ነው። አልጌ የሚኖረው በብርሃንና በምግብ ነው። እኔ መብራቱን በቀን ለ14 ሰዓት እያበራሁ፣ ገንዳውን መስኮት ስር አስቀምጬ፣ "ከየት መጣ?" እላለሁ! መስኮቱን ጋረድኩ። መብራቱ በቀን ለ7 ሰዓት ብቻ በርቶ በራሱ ጊዜ እንዲጠፋ አደረግኩ። ቶሎ ቶሎ የሚያድጉ ተክሎች አስገባሁ፤ የአልጌውን ምግብ፣ ናይትሬቱን፣ ይሻሙልኛል። እውነትም ቀነሰ።

የቀረኝ ቤተሰቤ ነው። ጠዋት እኔ አበላለሁ። ልጄ ከትምህርት ቤት ሲመለስ "ርቧቸዋል" ብሎ ይበትናል። ማታ እናቴ፣ "ምስኪኖች፣ አፋቸውን እየከፈቱ እኮ ነው" ትላለች። እማዬ፣ ዓሣ ናቸው፣ የሚተነፍሱት እንደዚያ ነው! ያልተበላው ምግብ አሸዋው ውስጥ ገብቶ ይበሰብሳል፣ ናይትሬትና ፎስፌት ይሆናል፣ አልጌው ድግስ ይደግሳል። ቅዳሜ ደግሞ እኔው እፈገፍጋለሁ።

ትናንት ክዳኑ ላይ በትልቁ "በልተዋል!" ብዬ ጽፌ ለጠፍኩ። ዛሬ ጠዋት ስነሳ ወረቀቱ ተገልብጦ ተለጥፏል። ውኃው ላይ ደግሞ ምግብ ይንሳፈፋል።