እርማት፦ «ፍሪዚንግ» ለማለት የግድ ውሃ መርጋት የለበትም

ወንድሜ፣ «ሱሉልታ ምንም ቢበርድ በእንግሊዝኛ ‹ኢትስ ፍሪዚንግ› (በጣም ይበርዳል) አይባልም፤ ቃሉ ከ0 ዲግሪ በታች ለሆነ ብርድ ብቻ ነው» ብለሃል። ብዙ ሰው እንደዚያ ያምናል፤ ግን ልክ አይደለም። 0 ዲግሪ ውሃ በረዶ የሚሆንበት ነጥብ ነው። እንግሊዞች ግን በተራ ወሬ 8 ዲግሪም ላይ «ፍሪዚንግ» ይላሉ። በኅዳር ማለዳ፣ ሣሩ ላይ ውርጭ ሳይጠፋ፣ እጇን ብብቷ ውስጥ ከትታ ታክሲ የምትጠብቅ ተማሪ «አይ አም ፍሪዚንግ» ብትል ትክክል ናት። እባክህ አታሸማቅቋት።

መታረም ያለበት «ቬሪ ፍሪዚንግ» ነው። ቃሉ ራሱ ጽንፍ፣ ማለትም «እጅግ ቀዝቃዛ» ማለት ስለሆነ «ቬሪ» (በጣም) አይጨመርበትም፤ «አብሶሉትሊ (ፍጹም) ፍሪዚንግ» ይባላል።

ለጠባይ ሲሆን ይለያል። ፊት የሚነሳ ሰው «ኮልድ» ወይም «አይሲ» ነው። «ሺ ኢዝ ፍሪዚንግ» ካልክ ግን ልጅቷ በርዷታል እንጂ ፊት ነሳችኝ ማለትህ አይደለም።