እርማት፦ ችግርን ለመግለጽ ማስለቀስ አያስፈልግም

ወንድሜ፣ ለደብረ ማርቆሷ ልጅ «ለአሜሪካ ኮሌጅ ስታመለክቺ በዋናው ድርሰት የቤተሰብሽን ችግር ጽፈሽ ካላስለቀስሻቸው አይቀበሉሽም» ያልካት ልክ አይደለም። ብዙ ሰው እንዲህ ያምናል፤ ልጆቹን ግን ይጎዳል።

ኮመን አፕ ላይ (በአንድ ቅጽ ለብዙ የአሜሪካ ኮሌጆች የሚመለከትበት ድረ ገጽ ነው) ዋናው ድርሰት እስከ 650 ቃል ነው። ስለወደደችው ነገር ትጻፍበት። ለችግር ራሱን የቻለ ሌላ ቦታ አለ፣ እስከ 250 ቃል፣ ግዴታም አይደለም። እዚያ የሚፈለገው ምን ሆነ፣ መቼ ሆነ፣ ትምህርቷን እንዴት ነካው የሚለው ብቻ ነው። ትምህርት ቤቷ በግጭቱ ተዘግቶ ከነበረ፣ ኢንተርኔትም ተቋርጦባት ከነበረ፣ ከመቼ እስከ መቼ እንደሆነ በሁለት ሦስት ዓረፍተ ነገር ትንገራቸው። (ዓመቱን በፈረንጆቹ ትጻፍ፤ የኛን ነሐሴ 2015 ብትል እዚያ ያሉት 8 ዓመት ወደ ኋላ ይሄዱባታል፣ ለነሱ 2023 ነው።) ርዕሰ መምህሩም በሚልኩት ደብዳቤ ይህንኑ ቢያነሱላት ቃሏ ይጠነክራል።

ሌላው የሚረሳው የቤት ውስጥ ሥራ ነው። እህቴ እናታችን ታማ በነበረ ጊዜ ሌሊት ተነስታ ምጣድ ትጥዳለች፣ ጭሱ ዓይኗን እያቃጠላት ጋግራ ትጨርስና ታናናሾቿን አልብሳ ትምህርት ቤት ታደርሳለች። ቅጹን ስትሞላ ግን «ከትምህርት ውጭ ምንም ተሳትፎ የለኝም» አለችኝ። ተሳትፎ የሚጻፍበት ክፍል 10 ቦታ አለው፣ ከምርጫዎቹም አንዱ የቤተሰብ ኃላፊነት ነው። በሳምንት ስንት ሰዓት እንደሚወስድባት ቆጥረን አንደኛ ላይ አስገባነው።