ሜዳው ሳይሆን ኳሱ ይታረም

ደራራ ሁሪሳን ታስታውሱታላችሁ። በ2021 የቪየና ማራቶንን አንደኛ ሆኖ ጨረሰ፤ ብዙም ሳይቆይ ውጤቱ ተሰረዘ። የጫማው ሶል 5 ሴንቲ ሜትር ሆኖ ተገኘ፤ ሕጉ የሚፈቅደው 4 ብቻ ነው። ብዙዎቻችን ተናደድን። እኔም የልጁ ልፋት ቆጭቶኛል። ሕጉ ግን ልክ ነበር። ለአንድ ሴንቲ ሜትር ዝም ከተባለ ነገ ስፕሪንግ ላይ ቆመው የሚሮጡ ይመጣሉ።

ያን ሰሞን የተከራከርንበት፣ መሣሪያ ሰውን ምን ያህል ይርዳ የሚለው ጥያቄ ከመቶ ዓመት በላይ የቆየበት ሌላ ስፖርት አለ፤ ጎልፍ። ሩጫ ከአዲሶቹ ጫማዎች መምጣት በኋላ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ገደብ አበጀ። የጎልፍ ሹማምንት ግን ኳሱ ርቆ እየበረረ ሲሄድ የሚለጥጡት ሜዳውን ነው። ይህ ስህተት ነው እላለሁ። ስህተቱ ከሁሉም በላይ የሚጎዳው ደግሞ ጨዋታው የተወለደበትን መሬት ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶችም በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

መሬቱ ሊንክስ ይባላል። በስኮትላንድ ዳርቻ፣ በባሕሩና በእርሻው መካከል ያለ አሸዋማ ቦታ ነው። ከበረዶ ዘመን በኋላ ባሕሩ ሲሸሽ አሸዋውን ትቶት ሄደ፣ ነፋሱ ኮረብታ ኮረብታ አደረገው። እህል አያበቅልም። የሚበቅልበት ቀጭንና ጠንካራ ሣር ነው፤ እሱንም በጎችና ጥንቸሎች ሲግጡት ኖረዋል። ዝናብ ቢጥልበት ወዲያው ይሰርጋል። ለገበሬ የማይረባ መሬት ኳስ ለሚያንከባልል ሰው ገነት ሆነ።

"የሀብታም ጨዋታ ነው፣ ምን አገባን?" የሚል አንባቢ ይኖራል። አሁን ነው እንጂ ድሮ እንዲያ አልነበረም። በ1457 የስኮትላንድ ፓርላማ ጎልፍንና እግር ኳስን ከለከለ። ምክንያቱም ወንዱ ሁሉ ቀስት መለማመድ ትቶ ኳስ ይመታ ስለነበር ነው። ክልከላው በ1471 እና በ1491 ተደገመ፤ አንድ ሕግ ሲደጋገም ሰሚ አጥቷል ማለት ነው። በ1502 ንጉሡ ጄምስ አራተኛ ራሱ ፐርዝ ከተማ ካለ ቀስት ሠሪ የጎልፍ ዱላ ገዛ።

ዝነኛው የስኮትላንድ ሊንክስ ሴንት አንድሩስም ቢሆን የከተማው ሕዝብ ሜዳ ነው። በ1552 ሊቀ ጳጳሱ ጆን ሃሚልተን ሕዝቡ በሊንክሱ ላይ የመጫወት መብት እንዳለው በጽሑፍ አረጋገጠ። እሱ በፋንታው ጥንቸል እንዲያረባበት ተፈቀደለት። በ1797 ከተማው ከስሮ መሬቱን ሸጠው። ገዢዎቹ ጥንቸል አርቢዎች ሜዳውን በጥንቸል ጉድጓድ ሲቦረቡሩት ተጫዋቾቹና እነሱ ለዓመታት በፍርድ ቤትም በጡጫም ተናከሱ። ነገሩ የበረደው በ1821 ጄምስ ቺፕ የተባለ ጎልፍ ወዳድ ባለርስት ሲገዛው ነው። የዓለም ዝነኛው የጎልፍ ሜዳ ለጥቂት የጥንቸል እርሻ ሆኖ ከመቅረት ተረፈ።

የሊንክስ እንቅፋቶችም እንደ መሬቱ ሁሉ አብዛኞቹ በሰው እጅ አልተነደፉም። ባንከር የሚባሉት የአሸዋ ጉድጓዶች በጎች ከነፋስ ሲጠለሉ የቦረቦሯቸው፣ ነፋሱ ደግሞ ያሰፋቸው ናቸው ይባላል። በሴንት አንድሩስ አሮጌው ሜዳ 112 ባንከር አለ። አንዱ ስሙ ራሱ "ሲኦል" ነው። በ1995 ታላቁ ጃክ ኒክላውስ ከዚያ ለመውጣት አራት ጊዜ መታ፤ በጎልፍ የሚያሸንፈው ደግሞ ጥቂት የመታ ነው። በ1978 ጃፓናዊው ቶሚ ናካጂማ ሜዳው ከተከፈለባቸው 18 ጉድጓዶች በ17ኛው ላይ ኳሱን በጥሩ ሁኔታ ግሪኑ ላይ፣ ማለትም ቀዳዳው ያለበት አጭር ሣር ላይ አድርሶ ነበር። ወደ ቀዳዳው ሲገፋት ተንከባላ ባንከር ውስጥ ገባች። ሲወጣ ሲወርድ በ9 ምት ጨረሰ።

ወንዞቹ ደግሞ አሉ። ትንንሽ ናቸው። በ1999 ካርኑስቲ በተባለው የስኮትላንድ ሜዳ ላይ ፈረንሳዊው ዣን ቫን ደ ቬልድ የመጨረሻው ጉድጓድ ላይ ሲደርስ በሦስት ምት ይመራ ነበር። ባሪ በርን የምትባለው ጅረት ኳሱን ዋጠችበት። ሰውየው ጫማና ካልሲውን አውልቆ፣ ሱሪውን ጠቅልሎ ውኃው ውስጥ ገባ። ቪዲዮውን ፈልጋችሁ እዩት፤ ማንም ጎልፍ አልወድም ቢል ያንን እያየ ከመቀመጫው አይነሳም። ሰባት መታ፣ በመለያ ጨዋታም በፖል ሎሪ ተሸነፈ።

የእንቅፋቶች ሁሉ አለቃ ግን ነፋስ ነው። በ2002 ሙርፊልድ በተባለው ሌላ የስኮትላንድ ሜዳ ላይ ታይገር ውድስ ዝናብና ነፋስ ባየለበት ቅዳሜ 81 መታ፤ ለእሱ በጣም ብዙ ነው። ያኔ በዓለም አንደኛ ነበር። በ2015 ሴንት አንድሩስ ላይ ነፋሱ በግሪን ላይ የቆሙ ኳሶችን እያንቀሳቀሰ ስላስቸገረ ጨዋታው ለሰዓታት ቆመ፣ ውድድሩም ሰኞ ነው ያለቀው። ነፋስ በሌለበት ጊዜ ምን እንደሚሆን ደግሞ በ2022 እዚያው አየን። ካሜሮን ስሚዝ በአራት ቀን ለሜዳው ከተመደበው ምት 20 ቀንሶ አሸነፈ። ረጃጅም መቺዎቹ የአንዳንዶቹን አጫጭር ጉድጓዶች ግሪን በአንድ ምት ይደርሱበት ነበር። አሮጌው ሜዳ ነፋሱን ሲያጣ ራቁቱን ይቀራል።

እዚህ እንዴት ተደረሰ? ታሪኩ የኳሱ ታሪክ ነው። የመጀመሪያው ጥሩ ኳስ በቆዳ የተሰፋ፣ በተቀቀለ ላባ የታጨቀ ነበር። ሲደርቅ ላባው ይነፋል፣ ቆዳው ይኮማተራል፣ ኳሱ እንደ ድንጋይ ይጠጥራል። ጥሩ ባለሙያ በቀን የሚሠራው ጥቂት ነው። ስለዚህ ውድ ነበር፤ ከዘነበበት ደግሞ አለቀለት። በ1848 ገደማ ጉታ ፐርቻ መጣ፤ ከማሌዢያ አካባቢ ዛፍ የሚገኝ ሙጫ ነው፣ በሙቅ ውኃ ለስልሶ ይድቦለቦላል። ርካሽ ነው፣ ቢበላሽ መልሶ ይሠራል።

በሴንት አንድሩስ የላባ ኳስ ሠሪው አለን ሮበርትሰን ነበር፣ በዘመኑ የሚስተካከለው ተጫዋች አልነበረም። አዲሱን ኳስ ጠላው። ያገኘውን እየገዛ ያቃጥል ነበር ይባላል። ሠራተኛው ቶም ሞሪስ አንድ ቀን የላባ ኳሱ አልቆበት የሙጫውን ሲጫወትበት ሰማና ተጣሉ። ቶም በ1851 ወደ ፕረስትዊክ ሄደ፤ በ1860 የመጀመሪያው ኦፕን፣ ማለትም የብሪታንያ ታላቁ የጎልፍ ውድድር፣ እዚያው በስምንት ተጫዋቾች ተካሄደ።

እዚህ ላይ ፍርዴ ከሮበርትሰን ጋር አይደለም። የሙጫው ኳስ ጨዋታውን ለተራው ሰው ከፈተ። አዲስና ለስላሳ ሲሆን በደንብ አይበርም፤ ሲቧጨር ነው የሚበርረው። ያንን ያዩ ሠሪዎች ገና ከመነሻው በመዶሻ ያቆሳስሉት ጀመር፤ ዛሬ ኳሱ ላይ የምናያቸው ትንንሽ ስርጉዳቶች መነሻቸው ይሄ ነው። የብረት ዱላም የበዛው በእሱ ምክንያት ነው፤ ብረት የላባውን ቆዳ ይቀድ ነበር። ከዚያ በ1898 አሜሪካዊው ኮበርን ሃስክል የላስቲክ ክር የተጠቀለለበት ኳስ አመጣ። በ1902 ሳንዲ ሄርድ ኦፕንን አሸነፈበት፣ ከዚያ ወዲያ የሙጫውን የሚፈልገው ጠፋ። የዱላዎቹ የእንጨት ዘንጎችም በ1929 በሴንት አንድሩስ የሕግ ሰዎች ፈቃድ ለብረት ቦታ ለቀቁ።

ድሮ መሻሻሉ የጨዋታውን ዋጋ ይቀንስ፣ ተጫዋቹን ያበዛ ነበር። የዛሬው እንዲህ አይደለም። በ1980 የአሜሪካ ባለሙያዎች የመነሻ ምት በአማካይ ወደ 235 ሜትር ነበር። አሁን ወደ 274 ደርሷል። መሬቱ ግን ከዚያው ነው፤ በአንድ በኩል ባሕር፣ በሌላው ከተማ። ለ2010 ኦፕን የሴንት አንድሩስን 17ኛ ጉድጓድ መነሻ ወደኋላ ገፍተው ከ416 ወደ 453 ሜትር ገደማ አስረዘሙት። አንዳንዱ መነሻ ከአሮጌው ሜዳ ክልል ውጭ ወጥቷል። ሞንትሮዝ በተባለው የስኮትላንድ ሜዳ ላይ ደግሞ ከነጭራሹ ወደኋላ መሸሽ ግድ ሆኗል፤ የሰሜን ባሕር ኮረብታዎቹን እየበላ ስለሆነ። ባሕር ለሚበላው ሜዳ "ትንሽ ርዘም" ማለት ቀልድ ነው።

በታኅሣሥ 2023 የጨዋታውን ሕግ የሚያወጡት ሁለቱ አካላት፣ የሴንት አንድሩሱ አር ኤንድ ኤ እና የአሜሪካ ጎልፍ ማኅበር፣ ኳሱን ይበልጥ ለመገደብ ወሰኑ። ዕቅዱ ለባለሙያዎች ከ2028፣ ለሌላው ከ2030 ጀምሮ ነበር። በጣም ረጅም የሚመቱት የሚያጡት ቢበዛ 14 ሜትር ገደማ ነው። የመዝናኛ ተጫዋቹ ከ5 ሜትር በታች። አምራቾችና የባለሙያ ውድድር አዘጋጆች ይህንንም ተቃወሙ። ተመልካች የሚመጣው ረጅም ምት ለማየት ነው ይላሉ። ተራውን ሰው ለምን ትነኩታላችሁ የሚለውን እረዳለሁ፤ መጀመሪያ ባለሙያዎችን ብቻ የሚመለከት ሐሳብ ቀርቦ ግን ያንንም የተቃወሙት ብዙዎቹ ራሳቸው ናቸው። ሁለቱንም መንገድ ዘግቶ ለተራው ተጫዋች አለቀስኩ ማለት አያሳምንም። እኔ የምለው እንዲያውም 14 ሜትር ትንሽ ነው፣ ከ1980 ወዲህ ከጨመሩት 39 ሜትር ግማሹን እንኳ አይሞላም።

ኦፕን በ2027 ወደ ሴንት አንድሩስ ይመለሳል። ውድድሩ የሚካሄደው አዲሱ ገደብ ገና ባልነካው ኳስ ነው። ያን ሳምንት ነፋስ ካልተነሳ የስሚዝ 20 እንደሚሰበር እወራረዳለሁ።