የድሮው ገጽ ሲዘጋ አንባቢው የት ይሂድ?

ሶፍትዌር የሚሠሩ ድርጅቶች የድሮውን የመመሪያ ድረ ገጻቸውን ሲዘጉ ብዙ ጊዜ ከሁለት አንዱን ያደርጋሉ። ወይ ጭራሽ ያጠፉትና «ገጹ አልተገኘም» የሚለው 404 ይመጣል፣ ወይ ደግሞ በየትኛውም የድሮ ሊንክ የመጣውን ሰው ሁሉ አዲሱ ድረ ገጽ መነሻ ገጽ ላይ ይጥሉታል። ሁለተኛውም ከመጀመሪያው ብዙም አይሻልም ባይ ነኝ።

መዘጋቱን አልቃወምም። ጊዜው ያለፈበት መመሪያ ያለ ምንም ማስጠንቀቂያ ክፍት ሆኖ ሲቀር ደግሞ ሌላ ጉዳት አለው። ደብረ ብርሃን ላይ ፕሮግራሚንግ የሚጀምር ተማሪን እንውሰድ። ፎቶ ኮፒ ቤት የሚያገኘው ሃንድአውት ከሲኒየር ወደ ጁኒየር ሲወርድ የቆየ ነው፣ ውስጡ ያሉት ምሳሌዎችና ሊንኮችም እንደዛው። ፕሪንት የሚለውን ትእዛዝ ፓይተን በሚባለው የፕሮግራሚንግ ቋንቋ የድሮ ስሪት፣ በፓይተን 2 አጻጻፍ ያለ ቅንፍ ጽፎ ያስኬዳል። ኮምፒውተሩ ላይ ያለው ፓይተን 3 ስለሆነ ቅንፍ ጎድሏል ይለዋል። እሺ፣ እሱን አስተካከለ። ቀጥሎ ተጠቃሚው የሚጽፈውን ለመቀበል ራው ኢንፑት ብሎ ይጽፋል፣ እሱም የለም፤ በፓይተን 3 ኢንፑት ብቻ ሆኗል። ልጁ ግን መመሪያው እንዳረጀ የሚነግረው ስለሌለ ጥፋቱ የራሱ ይመስለዋል። «ይሄ ነገር ለኔ አልተፈጠረም» ብሎ የሚተው አለ፣ እኔን የሚያንገበግበኝም እሱ ነው።

የፓይተን 2 ድጋፍ እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 1 ቀን 2020 አብቅቷል። የፓይተን ሰዎች ግን የድሮውን መመሪያ አላጠፉትም። ይህ ድጋፉ የተቋረጠ የድሮ ስሪት ነው፣ አዲሱን አንብቡ የሚል ማስጠንቀቂያ ከላይ አደረጉበት። የድሮ ኮድ የሚጠግን ሰው የሚፈልገውን ያገኛል፣ አዲስ የሚማረውም መንገድ አይስትም። ለእኔ ትክክለኛው አሠራር ይሄ ነው።

መዝጋት ግድ ከሆነም ሥራው ገጽ በገጽ መሆን አለበት። ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በ2017 ከ7,700 በላይ የድሮ መመሪያ ገጾቹን በሞዚላው ኤምዲኤን (ፋየርፎክስን የሚሠራው ድርጅት ለድረ ገጽ ሠሪዎች ያዘጋጀው የመመሪያ ድረ ገጽ) ላይ ወደሚገኙት አቻ ገጾች አዙሯል። አድካሚ ሥራ ነው፣ ግን ይቻላል። እዚያው ደብረ ብርሃን ጠባሴ ያለ ሱቅ ሌላ ሰፈር ሲገባ በሩ ላይ ትክክለኛ አድራሻውን ይለጥፋል እንጂ «ከተማ ውስጥ ነን፣ ፈልጉን» አይልም። መነሻ ገጽ ላይ መጣል ማለት ግን ልክ እንደዛ ነው። በዚያ ላይ መነሻ ገጽ በፎቶና በቪዲዮ የተሞላ ሊሆን ይችላል። ፓኬጅ ገዝቶ በስልኩ የሚያነብ ልጅ ሜጋባይቱን የሚጨርሰው ገና የሚፈልገውን ገጽ ሳያገኝ ነው።

አቻ የሌለው ገጽስ? እሱን ወደማይመስለው ቦታ ማዞር አያስፈልግም። ይህ ነገር ቀርቷል፣ በምትኩ ይህን ተጠቀሙ የሚል ሁለት መስመር ይበቃል።

ቴክኒኩ ቀላል ነው። የድሮ ሊንክ ሲከፈት ሰርቨሩ (ድረ ገጹ ያለበት ኮምፒውተር) አንባቢውን ወደ አዲሱ አድራሻ የሚያዞርበት ቁጥር አለ፤ ለዘለቄታው ለተዛወረ ገጽ 301 ነው የሚሰጠው። 302 ለጊዜው ለተዛወረ ነው፣ ስለዚህ እንደ ጉግል ያሉ መፈለጊያዎች የድሮውን አድራሻ ይዘው ሊቆዩ ይችላሉ። ጉግል ማዞሪያው በተቻለ መጠን ረጅም ጊዜ፣ ባጠቃላይ ቢያንስ 1 ዓመት እንዲቆይ ይመክራል። 1 ዓመት ለመፈለጊያው ይበቃ ይሆናል። አንድ ሃንድአውት እኛ ጋ ከባች ወደ ባች ሲዞር ግን ከዚያ በላይ ይቆያል፣ ወረቀት ላይ የታተመን ሊንክ ደግሞ ማንም ገብቶ አያርመውም። ሰርቨሩ ላይ ጥቂት መስመር ትቶ መቆየት የሚጠይቀው ወጪ ይሄን ያህል አይደለም፣ ዶሜኑን፣ ማለትም የድረ ገጹን ስም፣ በየዓመቱ ማደስ ነው ትልቁ። ስለዚህ የድሮ መመሪያ የምትዘጉ ሰዎች፣ ማዞሪያውን ዶሜኑ በእጃችሁ እስካለ ድረስ አታንሱት።